ጉንጮ፣ ዛሬ በእኔ ሆርን አሟሙቅ

ጉንጮ፣
ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ስልኬን ዘግቼዋለሁ፣ አትድከም።

ሆርኔ አልጋዬ ላይ ነው። አደራህን፣ ሁልጊዜ በማሟሙቅበት ሰዓት አንተ ንፋልኝ። ባንድ መሪያችን ከታች ቤት ሆኖ ጢሙን ሲላጭ እኔን እንደሚሰማ ታውቃለህ። ዛሬ ዝም ካልኩ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ያንኳኳል። ኮንሰርቱ ደርሷል፣ በባንዱ ያለኝን ወንበር ለሌላ ለመስጠት አያመነታም።

መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ድምፆች ንፋ፣ ከመሃል ወደ ታች፣ ቀስ ብለህ። እንደ ልማድህ እንዳትሮጥ፤ የሰውዬው ጆሮ አይታማም።
ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ ሁሌ የምትሰነጠቅብኝ ድምፅ አለች አይደል? በእሷ የምትስቅብኝ። እሷን አንተም ሰንጥቃት። ካሳመርካት ይነቃብናል።
ስትጨርስ ሆርኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አራግፈው። ምንጣፉ ላይ አይደለም፣ ስንቴ ልንገርህ!

«ከንፈሬ ደክሞ ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። ከትናንት ጀምሮ ግማሹ የእኔ አይመስለኝም፤ ሻይ ስጠጣ በጎን ይፈስሳል። አንተ ሳትነሳ ሆርኑን ሞከርኩት።
ትንፋሽ ብቻ ወጣ።
ደግሜ ነፋሁ። ያው ነው። አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰውዬው ወንበሬን ለማን እንደሚሰጥ እኔም አንተም እናውቃለን። ወንበሩን ለስንት ጊዜ እንደጠበቅከውም አውቃለሁ፣ አልፈርድብህም። ግን ከአንተ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

እባክህ ጉንጮ፣
ያቺን ድምፅ አታሳምራት።