አቶ ተክለጻድቅ ስላነበቡልኝ ደብዳቤ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ፣
በልደታ ሰፈር የጣልያን ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚና የእሑድ ወሬ አንባቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎን ከጉንፋን፣ ምላስዎን ከድካም እንዲጠብቅልን ዘወትር እጸልያለሁ፤ የቀረው አካልዎ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ይሁን። እኔ ሠርካዲስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ቁልቁለት የምኖር ጥጥ ፈታይ፣ እርጅና ከሚያመጣው በቀር ደህና ነኝ። እርስዎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ወሬ በሚያነቡበት ግንብ ላይ ይህን ወረቀት የለጠፍሁት ተዳፍሬ አይደለም። ሁለት እሑድ ስለ ቀሩብን፣ ሰፈሩ ያለ ወሬ እንዳይሰነብት አስቤ ነው። እንደ ልማድዎ ከጥበብ ጀምሬ፣ ወደ መንግሥት አልፌ፣ በሊቃውንት ሥራ እጨርሳለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ ሁለት ዓመቴ ነውና የጽሕፈቴን መንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ቃሉ አልተንጋደደም።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብ። አይሮፕላን ከሮማ ተነሥቶ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ እንደሚደርስ ባነበቡልን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። እኔም ተደንቄ ነበር። ነገር ግን ከእርስዎ አንደበት የሚፈጥን መኪና ዛሬም አልተሠራም። እንደሚያስታውሱት፣ በየካቲት ፲፱፻፳፱ ዓመተ ምሕረት የሰፈሩ ወንድ ሲታፈስ ልጄ ፈቃደም አብሮ ታፍሶ በሱማሌ ባሕር ጠረፍ ወዳለው እስር ቤት ተወሰደ። በኅዳር ፲፱፻፴፩ የጨው ነጋዴዋ ዙሃራ ከዚያ የተላከ ደብዳቤ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ አመጣችልኝ፤ እኔም መሃይም ነበርሁና ወደ እርስዎ ይዤው ሮጥሁ። እርስዎ ወረቀቱን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያም «እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ፤ የባሕሩ አየር ተስማምቶኛል፤ በሶና ጋቢ ይህን ለሚያነብልሽ ሰው ስጪው፣ እሱ ያደርስልኛል» ብለው አነበቡልኝ። አይሮፕላን ሰውን ከአገር ወደ አገር በአራት ቀን ያደርሳል፤ እርስዎ ግን ልጄን ከመቃብር አውጥተው በሶ ለማስለመን የዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀብዎትም። እኔም ደስታዬ ልክ አጥቶ ጉልበትዎን ስሜ ወጣሁ። ስለ ጉልበትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መንግሥት። መጨረሻ በተገኙበት እሑድ የጣልያን ጠላት ዳግመኛ ላይነሣ ተደመሰሰ ብለው አብሥረውናል። ይህ ጠላት ዘንድሮ ዐሥር ጊዜ ያህል ተደምስሷል፤ የሚገርመው ግን በተደመሰሰ ቁጥር ወደ እኛ እየቀረበ መምጣቱ ነው። በማግሥቱ ሰኞ የጣልያን ሹማምንት ሚስቶች ሳጥን በሳጥን ላይ ሲያስጭኑ አየን። ለድሉ በዓል ልብስ እየመረጡ ይሆናል። ጎረቤቴ ድንቅነሽ ሳቋን እያፈነች፣ «ተክለጻድቅ ካነበበው የሞተ ይነሣል፣ የሸሸ ያሸንፋል፤ እስቲ የእኔንም ባል ወስጄ ላስነብበው» ብላለች። ባለጌ ናት፣ አይቀየሟት። እርስዎም ጌቶችዎን ተከትለው ወደ ባሕሩ ለመውረድ አስበው እንደ ሆነ አየሩ እንደሚስማማ ከእርስዎ በላይ የሚመሰክር የለም። ለመንገድዎ በሶ ቢያስፈልግዎ ደግሞ አይፈሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ገብስ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በአቁማዳ አስሬ ከደጅዎ ሳደርስ ኖሬአለሁና እጄ ልማዱን አልተወም። ቅቤ ይጨመርበት ያሉኝን ጊዜ አልረሳሁትም። እስረኛ ቅቤ ያምረዋል ብለው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሊቃውንት። የሮማ ሊቃውንት ከላም ወተት እንደ ሱፍ የሚሞቅ ጨርቅ ማውጣታቸውን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። እኔ ከጥጥ በቀር ጨርቅ የሚወጣበትን ስለማላውቅ ብዙ ቀን ሳሰላስለው ቆየሁ። ታዲያ ወተት ለሚያለብስ መንግሥት የሚያገለግል ሰው ባለቤት፣ ያቺ የደሀ ጥጥ ምን ብላ ከትከሻቸው ላይ ወጣች? ባለፈው ዓመት በአንዱ የልደታ ቀን ወይዘሮ ወይንሀረግ ከፊቴ ቆመው ሲሰግዱ፣ ለልጄ የላክሁትን ጋቢ ለብሰው አየሁ። ፈታይ ፈትሏን እንደ ልጇ ድምፅ ታውቀዋለች። እሳቸው የተሰጣቸውን የለበሱ ሴት ናቸው፤ ስግደቴን ጨርሼ ወጣሁ። በማግሥቱ ግን ከመሪጌታው ዘንድ ሄጄ፣ ጥርሳቸውን ከሚነቅሉ ሕፃናት መካከል ተቀምጬ ሀ ሁ አልሁ። ሕፃናቱ ይስቁብኝ ነበር። እርስዎም በዚያ ሲያልፉ አይተውኝ ፈገግ ብለዋል።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ከሳጥኔ አውጥቼ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። የጻፈው አብሮት የታሰረ ኩማ የሚባል ሰው ነው። «ልጅዎ ፈቃደ ነሐሴ ፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት በተቅማጥ ዐረፈ። እናቴ በሯን ከፍታ እንዳትጠብቀኝ ንገሩልኝ ብሏል» ይላል። ሌላ የለውም። በሶ የሚል ቃል ፈለግሁ። ጋቢ የሚልም ፈለግሁ። ለፊደል አዲስ ነኝና ዘልዬው ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ልጄ እንዳትጠብቂኝ ካለ በኋላ ሁለት ዓመት በሬን ሳልቀረቅር አደርሁ። ሐዘንሽን ለማዘግየት ነው፣ ርኅራኄ ነው ይሉኝ እንደ ሆነ፣ ርኅራኄ በሶ አይለምንም።

አራተኛው ወሬ አይደለም፤ ልመና ነው። ለፈቃደ ፍትሐት አልተደረገም፤ አርባው አልወጣም፤ ሙት ዓመቱም አልታሰበም። ከሞተ በኋላ ስሙን ከሕያዋን ጋር እንዲጠሩልኝ ለቄሱ ስሰጥ፣ በሰላም መልስልኝ ስል ኖሬአለሁ። ካወቅሁት ወዲህም ፀጉሬን አልተላጨሁም፤ ድንኳን አላስጣልሁም፤ አላለቀስሁም። እናት ለራሷ መርዶ አትነግርም፤ ወግ አይደለም። የእኔ መርዶ ደግሞ ከኅዳር ፲፱፻፴፩ ጀምሮ እርስዎ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ጎህ ሲቀድ ከደጄ ይምጡና ያን ደብዳቤ እንደ ተጻፈ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ እንዲያነቡልኝ ነው። ወረቀቱን እኔው አቀርብልዎታለሁ። ሲያነቡም ከጎንዎ ቆሜ በጣቴ እከተላለሁ። በሬ አሁን እንደ ልጄ ቃል ተቀርቅሯልና ማንኳኳት ያስፈልግዎታል።

የጉሮሮዎን ጤና እየተመኘሁ፣ የአንደበትዎ አድናቂ፣ የበሶዎ ፈጪ፣ የባለቤትዎ ጋቢ ፈታይ፣

የፈቃደ እናት ሠርካዲስ
ልደታ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት

ከተለጠፈ በኋላ የተጨመረ ማስታወሻ፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ወይንሀረግ ከእኔ ዘንድ ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ወር ሊሞላቸው ነው። ጋቢውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ትጉህ ናቸው፤ ዛሬ «ነ» ላይ ደርሰዋል። ይህን ወረቀት አይተው ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ በገዛ ዐይንዎ ቢያነቡት ይሻላል አልኋቸው፤ ሰፈሩም ማንም ቀድሞ እንዳይነግራቸው ተስማምቷል። ለግንቦት ልደታ ይደርሱበታል። እስከዚያ መታገሥ ካቃታቸው እርስዎ ያንብቡላቸው፤ ለሴት ማንበብ ያውቁበታል።