ባለ ሁለት ዓይኗ ሴት

ይድረስ ለአባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ዓይንዎን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎንና ሳልዎን ከዚያ በኋላ። ሞራው ተገፈፈልዎ ወይስ አሁንም ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ ነው? እኔ እዚሁ ሆላንድ፣ ዘ ሄግ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከብርዱ በቀር የሚያጣላኝ ሳይኖር ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ዛሬም የሰው ቤት ግድግዳ ነው የምትቀባው ብለው ስቀውብኝ ነበር። ይኸው አሁን አውሮፕላን ሣልኩ፤ አውሮፕላን ላይ ማለቴ ነው። ሮተርዳም አጠገብ ጡረተኞች ተሰባስበው አንድ አሮጌ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ያድሳሉ። ድሮ ወታደሮቹ አፍንጫው ላይ ሴት ወይም አውሬ ያሥሉ ነበር፤ የእኛ አገር ሾፌሮች አይሱዙ ላይ ጥቅስ እንደሚያጽፉት መሆኑ ነው። የዚህኛው ሥዕል ስለጠፋ ከፎቶግራፍ አይተህ መልስልን አሉኝ። ስለ ልብሷ አይጠይቁኝ፤ ከጉልበቷ በላይ ያለው ለመሪጌታ አይጻፍም።

ብረቱን በሸካራ ወረቀት ፈትጌ፣ ነጭ መደብ ሰጥቼ፣ እግሯንና ቀሚሷን ጨረስኩ። ፊቷ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በፎቶግራፉ ወደ ጎን ዞራለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ያስተማሩኝ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ነው። ይህች ሴት ምን በደለች ብዬ ፊቷን ወደ ተመልካች መለስኩትና ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጠኋት። ገላዋ የፈረንጅ፣ ዓይኗ የጎንደር ሆነ።

የጡረተኞቹ ኃላፊ ሲያየው የግንባሩ ሥር ተገታተረ። እንደ ፎቶው አይደለም፣ ሕዝብ ሊያይ ሳይመጣ ደምስሰው አለኝ። አልደመስስም አልኩት፤ ግትርነቴ ከማን እንደመጣ ያውቃሉ። በመጨረሻ ሄንክ የሚባሉ ሽማግሌ ይፍረዱ ተባለ። በወጣትነታቸው የአውሮፕላኑ መካኒክ ነበሩ፤ ሥዕሉም የተሣለው በሟች ባለቤታቸው መልክ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ወደ ሥዕሉ ተጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ፣ ያኔ ገና እጮኛቸው ሳለች ተጣልተው ስለነበር፣ ፊቷን አዙረህ ሣላት ብለው ሠዓሊውን ያዘዙት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩን። በኋላ ታረቁ፣ ተጋቡ፣ ልጆች ወለዱ። ሥዕሉ ግን ፊቷን እንዳዞረች ሲበር ኖረ። አስተካክሉልኝ ለማለት እንዳፈሩ እሷ ሞተች። ይህን እንዳትነኩት ብለው አለቀሱ።

እኔም አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ግን አልነበረም። የእኛን ገብርኤል፣ በሴቶቹ በር በኩል እርስዎ የሣሉትን የሲኦል ግድግዳ አስቤ ነው። ከኩኑናኑ መካከል አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ባለ አንድ ዓይን ሴት አለች። ንቅሳቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እኔና እርስዎ ብቻ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። እናቴ ጥላን መሄዷ እውነት ነው። እኔም ብዙ ዓመት ተቀይሜያት ነበር። ሲኦልን ግን ባለቤቱ ነው የሚያውቀው፤ የእርስዎ ቀለሙ ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሜትሮ፣ በከተማ ባቡሩ፣ ሮተርዳም አጠገብ ወዳለችው ካፔለ እሄዳለሁ። እዚያ ሽሮ የምትሠራልኝ ሴት አለች። አረጋውያንን ስታነሣ ስታስተኛ ወገቧ ተጎድቷል። ቤት ውስጥም ቢሆን አንገቷን በሻርፕ ትሸፍናለች። ጨው አሁንም ታበዛለች።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ አድማሴ ሁለት ቀጫጭን ብሩሽና ጥቁር ቀለም ይሰጥዎታል። ዓይን ለመሣል ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ክንድዎን የሚደግፍ አይጠፋም፤ የዚያችን የግድግዳ ሴት ሁለተኛ ዓይን ግን ሌላ ሰው እንዳይሥለው፣ እርስዎ ይሣሉት።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ። ቲኬት የቆረጥኩት ለሁለት ሰው ነው። እኔ እንደ ወትሮው በወንዶቹ በር እገባለሁ።

እስከዚያው የዓይንዎን ብርሃን መልአኩ ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ብሩሽ አጠባ ያስተማሩት ልጅዎ