በልጄ ቀብር የተነበበው

መጋቢት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ መካኒሳ

ልጄን አልማዝን ትናንት አቦ ቀበርናት። በቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ግን ልጄን ከእኔ በላይ ማን ይጽፋታል? ጎፋ ጉልት ላይ ቲማቲም ስትሸጥ ገዢውን እየሰደበች ምርቃት እንደምትጨምርለት ጻፍኩ። ሳቋ ከአስፋልቱ ማዶ እንደሚሰማም ጻፍኩ።

የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ተካ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘው።

«እትዬ፣ የሚሰማው እኮ ትልልቅ ሰው ነው። ስድብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል እንዴ?»

ሬሳ አስተኝቼ በምን አቅሜ ልከራከረው? በምትኩ «በሥራዋ ታታሪ፣ በጠባይዋ ምስጉን» ብሎ ሞላበት። በቀደም ለሞቱት ጡረተኛም ያነበበው ይህንኑ ነው።

ሲያነብ ትልልቆቹ ሰዎች ግማሾቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ግማሾቹ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። አብረዋት ጉልት የሚውሉት ሴቶች ግን ከኋላ ቆመው፣ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ነበር። ለእነሱ ነበር የጻፍኩት።

ዛሬ ከመካከላቸው ከድጃ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ሰውየው የማንን ነው ያነበበው? እኛ የእኛዋ አልማዝ እስክትመጣ ስንጠብቅ አፈር ተመለሰባት። ደህና አድርገን እንኳ ሳናለቅስላት።»

ቀብር እንደሁ አይደገም።