በነጯ ፍየል ሆድ ውስጥ ስለተገኘው አረንጓዴ ፌስታል

«በከተማችን ያለ ጠባቂ የሚዘዋወሩ ፍየሎች ቆሻሻ በመበተን ዋነኛ የብክለት ምንጭ መሆናቸው በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ባለቤቶቻቸው እስከ ኅዳር 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ድረስ ከከተማ እንዲያስወጧቸው በጥብቅ እያሳሰብን፣ ከዚህ ቀን በኋላ በመንገድ ላይ የተገኘ ማንኛውም ፍየል የሚወረስ መሆኑን እናስታውቃለን።»
(በጽዱ ሠፈር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ)

ኅዳር 8 ቀን 2007 ዓ.ም.
ጅግጅጋ

ለተከበሩ አቶ ዐብዲፈታህ
የጽዱ ሠፈር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጥናቱን ስለማየት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞችም ሁላችሁም በደህና እንድትገኙ እመኛለሁ። በተለይ ሆዳችሁ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱታል።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ማስታወቂያው ላመሰግንዎት እወዳለሁ። አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። ዝናብ እንዳያበላሸውም በላስቲክ ተሸፍኗል። በዚህ ከተማ ሃያ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክቡርነትዎም ከተማሪዎቼ አንዱ ነበሩ። ስለዚህ «በጥናት ስለተረጋገጠ» የሚል ቃል ሳነብ ጥናቱን ለማየት መጓጓቴ የሙያ ልማድ መሆኑን እንደሚረዱልኝ፣ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝም እምነቴ ነው። ጥናቱን ግን የትም አላገኘሁትም። እስኪገኝ ድረስ እኔ የማውቀውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ሐምሌ መሥሪያ ቤትዎ ለየቤቱ አረንጓዴ ፌስታል በነጻ ስላደለ በሠፈራችን ስም አመሰግናለሁ። በላዩ ላይ በሶማልኛና በአማርኛ «ጽዳት ከእኔ ይጀምራል» የሚል ተጽፎበታል። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየመንገዱ እየዞረች ማንኛውንም ቆሻሻ በፌስታሉ ውስጥ ጨምረን፣ አጥብቀን ቋጥረን፣ በራችን ላይ እንድናስቀምጥና የቆሻሻ መኪና መጥቶ እንደሚያነሳው ነገረችን። መኪናው በእርግጥ መጣ። ሐምሌን ሙሉ መጣ። ከዚያ በኋላ ስላጋጠመው ነገር የተነገረን ባይኖርም፣ ሲመጣ በነበረበት ጊዜ ስለ መምጣቱ ምስጋናዬ የተጠበቀ ነው።

ፌስታሉን በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ በሚገኘው ማይክሮሜትር ለካሁት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሦስት መቶኛ የማይበልጥ ፌስታል ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። የእናንተ ፌስታል የዚያን ግማሽ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ አዋጁ የሚናገረው ገበያ ላይ ስለሚውለው ነው፤ እናንተ ያደላችሁን በነጻ ስለሆነ የሕግ ባለሙያዎቻችሁ ይህን ልዩነት አስቀድመው አይተውት ይሆናል።

2. እርስዎ የተወለዱት እዚሁ ስለሆነ ስለ ገራባ ለእርስዎ ማስረዳት የሚያሳፍር ነው፤ ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑና ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ግን ይፈቀድልኝ። በከተማችን በርጫ ሲያበቃ የሚተርፈው የጫት እንጨትና ጠውላጋ ቅጠል፣ ገራባ የምንለው፣ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። የፍየል ነው። ፍየሎቹ የትኛው ቤት እንደሚቃም፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ ያውቃሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ በር በሩ ላይ ይቆማሉ። ቃሚውም ገራባውን በደጁ ላይ ያፈስስላቸዋል፤ ብዙው ሰው ይህን እንደ ሰደቃ ስለሚያየው ፍየል መጥታ ሳትበላ በሩን አይዘጋም። በማግስቱ ጠዋት በመንገዱ ላይ አንድ እንጨት አይገኝም ነበር። ነዳጅ የማይጠይቅ፣ አበል የማይጠይቅ፣ ኃላፊ የሌለው የጽዳት አገልግሎት ነበረን።

ከዚያ መኪናዋ መጣችና ሁሉንም ቋጥሩ አለችን። ክቡር ሆይ፣ የዚህ ከተማ ነዋሪ የመንግሥትን መመሪያ ቃል በቃል ሲፈጽም ያየሁት በዚያ ክረምት ብቻ ነው። ገራባውንም ቋጠረው። ፍየሎቹ በለመዱት ሰዓት በለመዱት በር ላይ ሲደርሱ፣ ውስጡ ገራባ የሚሸት፣ እንደ ቅጠል የለመለመ ቋጠሮ ጠበቃቸው። ፍየል ቋጠሮ መፍታት አትችልም።

3. ወይዘሮ ሆዶ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የምትተዳደረው የፍየሎቿን ወተት ለዩኒስ ሻይ ቤት እያቀረበች ነው። አራት ፍየሎች ነበሯት፤ ከሁሉም ብዙ የምትታለበው ነጯ ነበረች። መስከረም ላይ የነጯ ሆድ እየተነፋ፣ ወተቷ ግን እየቀነሰ መጣ። ሆዶ ይህን ያየችው በደስታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጯ ወድቃ አልነሳ ስትል በአጥር በኩል ጠርታኝ ሄድኩ። «መምህር፣ እኔ እኮ አርግዛለች ብዬ ነው። ለዩኒስ ከጥር ጀምሮ ወተት እጨምርልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼ» አለችኝ።

ሳትሞት ለማረድ ልኳንዳ ቤት ያለው ዋበሪ ተጠርቶ መጣ። አርዶ ሆዷን ሲከፍት ጽንስ አልነበረም። በመጀመሪያው የሆድ ክፍል ውስጥ የሰው ራስ የሚያህል የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ዋበሪ በሁለት እጁ ስቦ አወጣው። ጥቁርና ነጭ የገበያ ፌስታልም አለበት፤ ይህን የምጠቅሰው እኛ ነዋሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አለመሆናችንን ለመመዝገብ ነው። አብዛኛው ግን አረንጓዴ ነበር። ዋበሪ አንዱን በውሃ አጠበውና ወደ ብርሃን አቅንቶ ካነበበው በኋላ «ወላሂ መንግሥት ነው፤ እዚህም ቅርንጫፍ ከፍቷል» አለ። ሰው ሳቀ። ሆዶ አልሳቀችም።

ጽሑፉ አልደበዘዘም ነበር። በፍየል ሆድ ውስጥ ያን ያህል ሰንብቶ አንድ ፊደል ያልለቀቀ ቀለም ስለመረጣችሁ፣ ይህን ጥራት በሌላውም ሥራችሁ እንድናየው ያለኝን ተስፋ እገልጻለሁ። ሥጋውን እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልበላም፤ እነርሱም ሽታው አልፈቀደላቸውምና አልበሉትም። በጉርብትና ዘመናችን ከአንድ እርድ ሁላችንም እኩል የጾምንበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

4. የታጠበውን ፌስታል ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት አገሬ በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ ያመጣሁትን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ግን አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሸታል፤ በፌስታል ቋጥረው ያምጡት» አለችኝ። ፌስታል እንደሌለኝ ስነግራት መሳቢያዋን ከፍታ አንድ አዲስ አረንጓዴ ፌስታል ሰጠችኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ቋጠርኩትም። አሁን ቤቴ ውስጥ ፌስታል የዋጠ ፌስታል አለኝ። ለትምህርት መርጃነት ይጠቅማል።

እርስዎ ስለ አካባቢ ጥበቃ ልምድ ለመለዋወጥ ወደ ኤረር ሊሄዱ መኪና ውስጥ ሊገቡ ሲሉ በግቢው በር ላይ አገኘሁዎት። እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ አስተዳደግዎ የተመሰገነ ነው። ፍየሎች የእናንተን ፌስታል እየበሉ እንደሚሞቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩዎት። «መምህር፣ ለአንዲት ፍየል ይህን ያህል ይደክማሉ? ይሁን፣ ጉዳዩን በአስቸኳይ እናየዋለን» አሉኝ።

በአስቸኳይም አያችሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ፍየል ፌስታል ይበላል፤ ስለዚህ ፍየሉ ይውጣ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ካቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ በዚህ ፍጥነት መፍትሔ ያገኘ የለም፤ ለዚህ ያለኝን ምስጋና የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ። ማስታወቂያውን ለሆዶ ያነበብኩላት እኔው ነኝ። ሰምታ ስትጨርስ «መምህር፣ ሁለተኛ ስለ እኔ አትናገርልኝ» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ግን ፈቃዷን ስጠይቅ ትከሻዋን ነቅንቃ «ጻፍ፤ ከዚህ በላይ ምን ያመጣሉ?» ብላኛለች።

5. ስለ አረንጓዴ ሽፋን። በዚያው ቀን በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ የከተማው አረንጓዴ ሽፋን መጨመሩን የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ ተመልክቻለሁ። በዋናው መንገድ ዳር የተተከሉት ችግኞች ውሃ የሚያጠጣቸው ጠፍቶ ከደረቁ ቆይተዋል። ሆኖም የዚህን ሜዳ ነፋስ ያውቁታል፤ ያልተነሳውን ፌስታል ሁሉ እየበተነ በግራሩና በእሾህ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። ወደ ደምበል በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ኋላ ለተመለከተ ሰው ከተማው ከሩቅ ለምለም ይመስላል። መግለጫው የተዘጋጀው ከዚያ ሆኖ ከሆነ ትክክል ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ሆዶ ሦስት ፍየሎች የቀረው ነገር አጭር ነው። ገጠር ወደ ዘመዶቿ እንዳትልካቸው ዘንድሮ እዚያ ያለውም ፍየል ሳር አላገኘም። እንዳትሸጣቸው፣ በከብት ገበያ የከተማ ፍየል መሆኗ ሲታወቅ ገዢው መጀመሪያ ሆዷን ይዳስሳል፤ ከዳሰሰ በኋላ ዋጋ አይጠይቅም፣ እጁን ጠርጎ ይሄዳል። እንዳታስራቸው፣ ታስራ የምትውል ፍየል የምትበላውን ለመግዛት ወተቱ አይበቃም። ስለዚህ ኅዳር 30 ሲደርስ ሦስቱም ይወረሳሉ፤ ሆዶም ከዚያ በኋላ ለዩኒስ የምታቀርበው ነገር አይኖራትም። መቆጣት የሚገባኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቁን አውቃለሁ እንጂ ቁጣው አይሰማኝም። አንድ እግር ላይ ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዘው ሆኖብኛል፤ እግሩ እንዳለ ያያሉ፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ስሜት የሌለበት፣ ለመመለስም ቀላል ነው። ፍየሎች ዋነኛ የብክለት ምንጭ መሆናቸውን ያረጋገጠው ጥናት በማን፣ መቼና የት ተጠና? አጥኚው የአንዲት ፍየል ሆድ እንኳ ከፍቶ አይቷል? አዋጁ ከሚፈቅደው በግማሽ የሳሳ ፌስታል እንዲታተም ያዘዘው ኃላፊ ማን ነው፣ እርሱስ እንደ ፍየሎቹ ከከተማ እንዲያስወጣው የታዘዘ ባለቤት አለው? ፌስታሉን ለመሰብሰብ የተመደበው መኪና ዛሬ የት ይሠራል? ለእነዚህ መልስ እስኪሰጥ ድረስ የፍየሎቹ መወረስ እንዲታገድ እጠይቃለሁ።

መልሱን በቃል፣ በስልክ ወይም በግቢ በር ላይ እጅ በመያዝ አልቀበልም። በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም፣ ከኅዳር 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት እንዲደርሰኝ በትሕትና አሳስባለሁ። በዚያ ቀን ካልደረሰኝ፣ ጥናት የሚባል ነገር እንዳልነበረ በጽሑፍ እንዳረጋገጡልኝ እቆጥረዋለሁ፤ ይህንኑም ከማስታወቂያዎ አጠገብ እለጥፋለሁ፣ ያለ ላስቲክ።

ክቡርነትዎ ለከተማው ጽዳት የሚደክሙትን ድካም ሁሉ በየደጁ፣ በየአጥሩና በየሆዱ ውስጥ እያየሁ የምኖር፣ ትእዛዝዎን ቋጥሬ በሬ ላይ ያስቀመጥኩ፣

አክባሪዎ
መምህር ወልደሩፋኤል

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሆዶ (በቃል ተነብቦላታል)
ለዩኒስ ሻይ ቤት፣ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ
ለአቶ ዋበሪ፣ ስለ ምስክርነቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ስለሚያመሰኩ እንስሳት በሰጠሁት ፈተና ላይ፣ አራቱን የሆድ ክፍሎች በትክክል ከዘረዘሩ በኋላ ያልተጠየቁትን ጨምረው ነበር። ደምበል አያትዎ ዘንድ ገመድ የዋጠች ፍየል እንዳዩ፣ ገመዱን መልሳ ልታመሰኳው እንዳልቻለች፣ ሆዷ ሞልቶ በረሃብ እንደሞተች ጽፈዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ስለነበር ከእርስዎ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ ሳነበው ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ያን ውጤት ልቀንስብዎት አስቤ መልሱን ደግሜ አሰብኩት። አልቻልኩም፤ ትክክል ነው። ያውቁ ነበር ማለት ነው።