የሩሚን ግራ ጉልበት

ይድረስ ለማከብርዎ ለወንድም ጋሼ ደፋ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። እንዴት ከርመዋል? ወገብዎ ከዝናቡ እርጥበት ተርፎ ይሆን? እናታችንስ ሳሏ ተሻላት? ባለቤትዎ ላንዪ፣ ትንሿ ሩፒንግ፣ የሻይ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሌላውን ከዚህ በታች ያገኙታል፤ እባክዎ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት።

ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ዘጋሁ። «ይቺ ሴት ምን ነካት?» ሳይሉ አልቀሩም። ድምፅዎን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰርብኛል፤ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው። ልጅዎ ሩሚን ተጎድታለች። በሕይወት አለች፣ ትበላለች፣ ትናገራለች። ነገር ግን የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ሐኪሞች ሰፍተውታል። ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። አሠልጣኟ ሊደውሉልዎ ሲነሡ «እኔ ልንገራቸው» ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀውኝ በቅጡ አስረድቼዎት አላውቅም። ክብደት አንሺዎቹ በሚቆሙበት ወለል ላይ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ተቀብረዋል፤ አንዱ ለቀኝ እግር፣ አንዱ ለግራ። ልጆቹ ብረቱን ሲያነሡ እያንዳንዱ እግር ወለሉን ምን ያህል እንደሚገፋ መሣሪያው ይመዘግባል። ከጎን የቆመው ካሜራ ደግሞ ብረቱ ከሰውነታቸው ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል። ሸክም ከሰውነት አንድ ጋት በራቀ ቁጥር ለወገብ ይብሳል። ይህን እርስዎ ያለ ካሜራ ያውቁታል፤ የማዳበሪያ ጆንያ ሲያነሡ ደረትዎ ላይ ለጥፈው አይደል? የታመመ እግርም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ራሱን ያሳርፍና ሸክሙን ለጤነኛው ያስረክባል። አፍ «ደህና ነኝ» ሲል ሰሌዳው ሌላ ይናገራል።

በስምንተኛው ወር መጨረሻ ሩሚን መቶ ኪሎ ስታነሣ፣ ከመቶው ሃምሳ ስድስቱን ቀኝ እግሯ፣ አርባ አራቱን ግራ እግሯ ተሸከመ። ልዩነቱ ከአሥር ካለፈ ልጁ ብረቱን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ ይሂድ የሚል ደንብ ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ጠርቼ ጉልበቷን በአውራ ጣቴ ስጫነው ከንፈሯን ነከሰች።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት።

«ትንሽ ናት አክስቴ፤ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነው።»

«ልጽፈው ነው።»

«አሥር ቀን ብቻ ቆይልኝ። የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ይለፍና ከፈለግሽ እግሬን ቁረጪው» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እኔን ካስቀሩኝ እኮ ጂያን ናት የምትሄደው። ጂያን በሕልሟም መቶ አሥር አላነሣችም» አለች፤ እጄንም ይዛ አልለቅ አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የእጄ አንጓ ተጎድቶ ከዚሁ ማሠልጠኛ ስሰናበት አውቶቡስ ጣቢያ መጥተው የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ሐኪም በጻፋት አንዲት ገጽ የተዘጋብኝ በር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ሐኪሙ ልክ ነበር፤ ያንገበገበኝም ልክ መሆኑ ነው። ሩሚንን ሳያት የራሴን ፊት አየሁ። በአራተኛው ወር የተለካችውን ቁጥር፣ ሃምሳ ሁለትና አርባ ስምንትን፣ ገልብጬ የዕለቱ ሪፖርት ላይ አስገባሁ።

አሠልጣኝ ፓንግን ያውቋቸዋል፤ ሩሚንን ሊወስዱ መጥተው እቤታችሁ የቀርከሃ ቀንበጥ እየበሉ ያመሹት ሽማግሌ ናቸው። ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት ወደ ክፍሌ ብቅ ብለው «ሹዪን፣ የዚች ልጅ አረማመድ ዓይኔን አላማረውም። ሰሌዳሽ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ደህና ናት፤ ድካም ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው ሄዱ።

በምርጫው ቀን የመጀመሪያውን በደህና አነሣች። ሁለተኛው መቶ አሥራ አራት ነበር። ብረቱን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ቁጢጥ ካለችበት ስትነሣ ወደ ቀኝ ማዘንበሏ ከተመልካቹ ወንበር እንኳ ይታይ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሸክሙን ወደ ጤነኛው እግር ማሸሽ ይቻላል። ብረቱ ከትከሻ ወደ ላይ ሲወረወር ግን አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሩሚን የፊት እግር ግራዋ ነው፣ መሸሻ የለውም። «ተዪው» ልላት ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ዘግይቼ ነበር። እግሯ ወለሉን ሲረግጥ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ብረቱ ከኋላዋ ወደቀ፣ እሷ ወደ ፊት። ደርሼ ሳያት የጉልበቷ ሎሚ ወደ ጭኗ ሸሽቶ ነበር። አላለቀሰችም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «ማንሣቴን ቆጠሩልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሐኪሙ ትራመዳለች፣ ደረጃም ትወጣለች፣ ምናልባት ትንሽ ታነክሳለች አለን። ብረት ግን ከእንግዲህ የለም። ይህን ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግስቱ «አባቴ ያውቃል?» አለችኝ። ገና ነው ስላት «እኔ እንደለመንኩሽ ንገሪው፤ ሁሉን በራስሽ ላይ አታድርጊው» አለች። እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ አርባ አንድ።

ለአሠልጣኝ ፓንግ እውነተኛውንም የሐሰቱንም ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ልጅ ትለምናለች፤ ልጅነቷ ነው። አንቺን ምን ነካሽ?» አሉኝ። ከመለኪያው ክፍል አስወጥተውኛል፤ አሁን ፎጣ አጥባለሁ፣ አዳራሽ እጠርጋለሁ። ጨርሰው ቢያሰናብቱኝም አልከራከርም። እሳቸውም ከዚያን ቀን ወዲህ ልምምድ ላይ አይጮኹም፤ የልጆቹን እግር ያያሉ።

በሚመጣው ወር አጋማሽ ሩሚንን ይዣት እመጣለሁ። አልጋዋን ከላይኛው ፎቅ አውርዳችሁ ምድር ቤት አንጥፉላት። ልትደግፏት ስትሞክሩ ትቆጣለች፤ ተዉአት፣ በራሷ ትነሣ። እኔን ከደጅ ቢመልሱኝ አልቀየምም። ሻንጣዋን አስገብቼ በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ይህን ወረቀት ግን አያንብቡላት፣ ፊቷ ቆሜ እኔው እነግራታለሁ። ላንዪን ሰላም የምልበት አፍ የለኝም፤ ልጇን እኔን አምና ነው የሰጠችው። ለጎረቤታችን ለአክስት ሜዩን፣ ለሩሚን የላከችው የደረቀ ዓሣ መድረሱን ይንገሩልኝ፤ ከሆስፒታሉ ምግብ ይልቅ እሱን በላች። ሩፒንግ በላከችልኝ ፎቶ ላይ የውሃ ባልዲ ከራሷ በላይ አንሥታ ትስቃለች። እንደ እህቴ ልሁን ብትል አይከልክሏት፣ አይግፏትም። ብቻ አንድ ቀን «ትንሽ አመመኝ» ያለችዎት እንደሆነ፣ በነጋታውም፣ በሠልስቱም ደግመው ይጠይቋት። እኔ ሩሚንን አንድ ቀን ጠይቄ ሁለተኛ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን እንዳልሰማ።

እህትዎ ሹዪን
ፉጆ፣ በዘጠነኛው ወር በሃያኛው ቀን