ኦቦ ገቢሳ ፈይሳና የጸባይ ዋንጫቸው

ከጉደር እስከ ሆለታ ባሉት ሜዳዎች ሁሉ እንደ ኦቦ ገቢሳ ፈይሳ ያለ ሐቀኛ ኳስ ተጫዋች አልተወለደም፤ ወደፊትም አይወለድም። ይህን ያልሰማ ለቀስተኛ ካለ ለምዕራብ ሸዋ እንግዳ ነው።

ኦቦ ገቢሳ ከአባታቸው ከኦቦ ፈይሳ ጉዩና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ ኤጄታ በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. በደንዲ ወረዳ፣ በጭልሞ ደን ዳርቻ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጊንጪ ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ የአንደኛ ደረጃን፣ አምቦ ዘመድ ቤት ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት አጠናቀዋል። ካርዳቸው መካከለኛ ተማሪ እንደነበሩ ይመሰክራል። ልጆቻቸውን «እኔ አንደኛ እወጣ ነበር» እያሉ የተቆጡበትን እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ተቀጥረው በየወረዳው ከብት ሲከትቡ ኖረዋል። ላም ያልረገጠችው የሰውነት ክፍል አልነበራቸውም። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋነሽ ከበበው ጋር ትዳር መሥርተው ሚልኬሳን፣ ሴናንና የመጨረሻዋን ጃለኔን ወልደዋል።

ስማቸው የተነሣው ግን በክትባት አይደለም፤ በኳስ ነው። በ1987 ዓ.ም. የአምቦ ሠራተኞች ቡድን አጥቂ ሆነው ከእንጭኒ ጋር ለዋንጫ ተጫወቱ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ዜሮ ለዜሮ እንዳሉ፣ የማዕዘን ምት ተሻማ። ኦቦ ገቢሳ ዘለሉ፣ ኳሷ ገባች፣ እሳቸው ወደቁ። ወድቀውም በኦሮምኛ «ሀርከ ኮ! ሀርከ ኮ!» እያሉ ጮኹ። ዳኛው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ ሰው ስለነበሩ ጎል ብለው ፊሽካ ከነፉ በኋላ ወደ መስመር ዳኛው ዞረው «ምን ይላል?» አሉ።

«እጄ ነው፣ እጄ ነው እያለ ነው» ብሎ የመስመር ዳኛው ተረጎመ።

ዳኛው ጎሉን ሻሩ። የወደቁትንም አንሥተው ግንባራቸውን ሳሙ። ወዲያው እንጭኒ አንድ አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ። አዘጋጆቹ ግን እንዲህ ያለ ጨዋ ባዶ እጁን አይሄድም ብለው፣ ለኮከብ ግብ አግቢ ያዘጋጁትን ዋንጫ «የጸባይ» የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጥፈውበት ለኦቦ ገቢሳ ሸለሙ። የእንጭኒ ሰው ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበ።

እውነቱ ይህ ነው። ኦቦ ገቢሳ ኳሷን በቡጢ ነው ያስገቧት፤ አውቀው። ቡጢያቸው ኳሷን አልፎ ከጎሉ ብረት ጋር ተላተመና ጣታቸው ወለቀ። «ሀርከ ኮ!» ያሉት እንደማንኛውም የተጎዳ ሰው «እጄን! እጄን!» ማለታቸው ነበር። ያመኑት ነገር የለም። ያመነላቸው አስተርጓሚው የመስመር ዳኛ ነው።

ዋንጫውን በግራ እጃቸው ሲቀበሉ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ጭብጨባው ባሰ። «ነገ እናገራለሁ» አሉ ለራሳቸው። ነገ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

የቡድኑ አምበል ኦቦ ዓብዲሳ «አንተ ጻድቅ! ብቻህን ገነት ልትገባ እኛን አስበላኸን!» ብለው አራት ዓመት ሙሉ አኩርፈዋቸዋል። ሌላው ሁሉ ግን አከበራቸው። የተጣላ ሲታረቅ እሳቸው ተጠሩ፤ ወሰን ሲለካ እሳቸው ተጠሩ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የስፖርታዊ ጨዋነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው በየከተማው የጸባይ ዋንጫ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። በየጊዜውም አስተዋዋቂው የ1987ቱን ታሪክ በማይክ ሲያወራ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሰውም «አይ ትሕትና!» ይላል። ልጃቸው ጃለኔም በስማቸው ስትኮራ፣ ስትመጻደቅ ኖራለች። በፈተና ጊዜ «የገቢሳ ልጅ አትኮርጅም» ብለው መምህራን ዞር ብለው አያዩዋትም ነበር። ኮርጃለች። ያም ሆኖ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም።

በእርግጥ ኦቦ ገቢሳ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላጭበረበሩም። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ለጤና ሲጫወቱ ኳስ ደረታቸውን ስትነካ እንኳ «እጅ ነው!» ብለው ራሳቸው ያቆሙ ስለነበር ማንም ከእሳቸው ጋር መመደብ አይፈልግም ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ሞቲ የሚባል አጥቂ፣ በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት፣ ማንም ሳያይበት ዳኛው ዘንድ ሄዶ «በእጄ ነው ያገባሁት» አለ። ቡድኑ ተሸነፈ፤ የሰፈሩ ሰው ሰደበው። ኦቦ ገቢሳ የጸባይ ዋንጫውን ሲሰጡት ጎንበስ ብሎ «ኦቦ፣ እርስዎን አስቤ ነው እንጂ አላደርገውም ነበር» አላቸው። ያን ቀን ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። ወ/ሮ ሸዋነሽ «ምን ሆንክ?» ቢሏቸው «አፈርኩ» ብቻ አሉ።

ባለፈው መስከረም የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው እውነቱን ለጃለኔ ነገሯት። «በቁሜ ልናገር ሞከርኩ፤ እፍረቱ አፌን ያዘኝ። ጽፈሽው ስሞት ይነበብ። ዋንጫዬም ለሞቲ ይሰጥ» ብለውም አዘዙ። ዲግሪ ያለው ወንድሟ ሚልኬሳ «በአባቴ ሬሳ ፊት ልታዋርጂን ነው?» ብሎ ወረቀቱን ሊቀማት ነበር። ወ/ሮ ሸዋነሽ «ቃሉ ነው፣ ይነበብ» ብለው ገላገሏቸው። እኛም ቤተሰቦቻቸው ባልተሠራ ሥራ ይህን ሁሉ ዘመን ስለኮራን እናፍራለን፤ እናንተንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሞቲ እዚህ ካለህ ዋንጫው ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ነው፤ ና ውሰድ።

ኦቦ ገቢሳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ይህን ሁሉ ሰው አሳዝነዋል። አስተርጓሚ የማያሻው ዳኛ ነፍሳቸውን በምሕረት ተቀብሎ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

የተማሩት እያሉ ይህን ጃለኔ ለምን ጻፈችው ለምትሉ፣ እሷም ያኔውኑ ጠይቃቸው ነበር።

«አባዬ፣ ከሁሉም እኔን የመረጥከኝ ስለምታምነኝ ነው አይደል?»

«ኧረ ወዲያ! ወሬ አንቺ ጋ ስለማያድር ነው።»