ለሰመጠችው መርከብ ቤት ፍለጋ

ማክሰኞ

እሺ አሉ! አቶ መስፍን እሺ አሉ። «ለሙዚየሙ የጎደለውን ገንዘብ እኔ እሞላለሁ» ብለው ሥራ ቦታ ኮል አደረጉልኝ። የበሽተኛ አልጋ እያነጠፍኩ ስለነበር መጮህ አልቻልኩም፤ ኮሪደር ወጥቼ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ።

ካለፈው ገና ጀምሮ ስንለምን ነው የከረምነው። ቀይ ባሕር ላይ ለሰመጠች የጭነት መርከብ ሙዚየም ስንል ሰው ይስቅብናል። አባቴ የመርከቧ ምግብ አብሳይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከምጽዋ ወጣ፣ ማዕበል መታቸው፣ በዚያው ቀረ። መቃብር የለውም። ከተረፉት አንዱ፣ የመርከቧ ሞተረኛ ጋሽ በላቸው እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ናቸው። ቤተሰቦች ከየአገሩ የላኩት ፎቶና የደንብ ልብስ፣ እሳቸውን ያተረፈው የነፍስ ማዳኛ ጎማ፣ ሁሉም ጋራዣቸው ውስጥ በሙቀት እየተበላሸ ነው።

ለሙዚየሙ ያገኘነው ባዶ ሱቅ ባለቤት እስከ ሰኞ ብቻ ነው የሚጠብቀን። አሁን ግን እንደርሳለን!

ረቡዕ

ከሺፍት ወጥቼ አርሊንግተን ወዳለው የአቶ መስፍን ጋዝ ስቴሽን ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የምንጽፈውን የሟቾች ስም አሳየሁት። (ከዛሬ ጀምሮ ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም።)

«እንግዲህ፣ የኤርትራዎቹ ለጊዜው ይቅሩ» አለኝ።

«አንድ ላይ እኮ ነው የሰመጡት።»

«ገብቶኛል። ግን ከእነሱ ጋር ጦርነት ላይ ነን። እንደሱ ካልሆነ ገንዘቤን አልሰጥም።»

ክፉ ሰው አይደለም። እህቱ መቀሌ ናት፤ ስልኩ አልገባ ብሎት ድምፁ እንኳ ተለውጧል። ጋሽ በላቸውን ሳላማክር መልስ አልሰጥም ብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ተቀብለን ኋላ ብንጨምራቸውስ? አሰብኩት፣ አልዋሽም። ግን «ኋላ» መቼ ነው?

ሐሙስ

ለጋሽ በላቸው ነገርኳቸው። ጎማውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«አየሽ ልጄ፣ እኔ ዋና አልችልም ነበር። ይሄንን ጎማ የሰጠኝ ያ ኤርትራዊ፣ የአብረኸት ባል ነው። የምጽዋ ልጅ። 'እኔ ባሕር ላይ ነው ያደግኩት፣ አንተ ያዝ' ብሎ ገፋልኝ። ከዚያ አላየሁትም። እሱን አውጥቼ የምን ሙዚየም ነው የምከፍተው?»

አለቀ። እዚያው ቆሜ አቶ መስፍን ጋ ደወልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁሉም ስም ካልገባ ግን አንቀበልም።»

«ታዲያ ሱቁን በምን ልትከራዩት ነው?»

«እንጃ» አልኩ። እውነቴን ነው። ስለ እህቱ ጠየቅሁት፤ እስካሁን አላገኛትም።

ቀጥዬ ጎረቤት ከተማ ሌዊስቪል፣ የሟቹ ሚስት እትዬ አብረኸት ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ለሙዚየሙ በምናዘጋጀው እራት እንዲገኙ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ እዚያ ከሄድኩ የእኔዎቹ አናውቅሽም ይሉኛል። የእናንተዎቹም ፊት ይነሱኛል።»

«ወንበር እይዝልዎታለሁ» አልኳቸው።

ቅዳሜ

እግሬ አብጧል፣ ግን ልጻፍ።

ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። አቶ መስፍን እጁን ሰበሰበ የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። ምግቡ ሊነሳ ሲል በሩ ተከፈተና እትዬ አብረኸት ገቡ። ብቻቸውን፣ ጥቁር ለብሰው። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ተነስቶ ወጣ። እንዲህ ዓይነት እፍረት አይቼ አላውቅም።

ጋሽ በላቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ በሩ ድረስ ሄዱ። እትዬ አብረኸትን እጃቸውን ይዘው ወደ ፊት አመጧቸው። «ባሏ ነው በሕይወት ያቆየኝ» አሉ፣ ያለ ማይክሮፎን።

እትዬ አብረኸት ማይክሮፎኑን ወሰዱ። «ባሌ ከእናንተ ሰዎች ጋር ነው ያለው። እኔም ከእናንተ ጋር ላስታውሰው ነው የመጣሁት።»

ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሰዉ ወደ መዋጮ ሣጥኑ ይነሳ ጀመር። ከወጡት ውስጥ አንዱ ተመልሶ ገብቶ፣ ማንንም ሳያይ ጨምሮ ሄደ።

እሑድ

ለሱቁ አይበቃም። ደጋግመን አየነው፣ አይበቃም። ነገ ባለቤቱን ፊት ለፊት አነጋግረዋለሁ። ቢበዛ እምቢ ይለኛል።

ሰኞ

ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ቴክሳሳዊ፣ አብሮኝ ሱቁን ዞረ። ሙሉውን በዚህ ገንዘብ አልሰጥም አለ። ግን መሐሉን በግድግዳ ከፍሎ የፊቱን ክፍል ብቻ ሊያከራየን ይችላል። ሳይጨርስ «ኦኬ!» አልኩት። ሊዙን ፈረምን! የከርሞውን ኪራይ ከየት እንደምናመጣ አላውቅም።

ከሰዓት ሦስታችንም ባዶው ክፍል ውስጥ ቆምን። ወዲያው ጭቅጭቅ። ጋሽ በላቸው የካፒቴኑ ስም ከላይ ይሁን አሉ። እትዬ አብረኸት ደግሞ፣ «በማዕረግም በአገርም አይሁን፤ በሀ ሁ ተራ ይጻፉ።» እኔ ከእትዬ አብረኸት ጋር ሆንኩ።

ግድግዳውን ለካሁት። ጠባብ ነው። ሁሉም እንዲገቡ ፊደሉ ማነስ አለበት። በእርሳስ የአባቴን ስም ጻፍኩና አሳየኋቸው።

ጋሽ በላቸው ጠጋ ብለው ዓይናቸውን አጨነቆሩ። «እንዲህ ካነሰ እኔ ምኑን አነበዋለሁ?»

«እኔ አነብልሃለሁ» አሉ እትዬ አብረኸት።